በመንገድ መካከል ስለ መቆም፤ የማርቆስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ ሐተታ ከእንጦጦ ማርያም ታሪክ ጋራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ በ5ኛው ምዕራፍ ከ21ኛው እስከ 43ኛው ቍጥር ድረስ፥ አንድ የተጀመረ ጕዞ በመካከሉ እንደ ተቋረጠ ይነግረናል። የምኵራብ አለቃ የሆነው ኢያኢሮስ የ12 ዓመት ልጁ ለሞት ስለ ቀረበችበት ከጌታችን እግር በታች ወድቆ ለመነ፤ ጌታችንም ልመናውን ተቀብሎ ከእርሱ ጋራ ሄደ። ለሞት የቀረበን ሰው ለማዳን የሚደረግ ጕዞ ነውና፥ ከዚህ የበለጠ የሚያስቸኵል ጕዳይ አይገኝም። በመንገድ ሳሉም 12 ዓመት ሙሉ ደም ሲፈሳት የኖረች፥ ገንዘቧንም በባለ መድኃኒቶች ዘንድ የጨረሰች አንዲት ሴት በሕዝቡ መካከል ተሰውራ የልብሱን ጫፍ ዳሰሰችና ዳነች። ጌታችንም ቆመ፤ የዳሰሰው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ሴቲቱም እየተንቀጠቀጠች ቀርባ ነገሯን ሁሉ ተናግራ እስክትፈጽም ድረስ ሰማት። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢያኢሮስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እርሱም ሲጠብቅ ሳለ ከቤቱ መልእክተኞች መጥተው ልጅቱ እንደ ሞተች ነገሩት።

ሐተታ። ጌታችን ስለ ምን ቆመ ቢሉ፥ ሴቲቱ በስውር ያገኘችውን ጤና በግልጥ ሊያጸናላት ነው፤ በኦሪት ሥርዓት ደም የሚፈሳት ሴት ከሰው ተለይታ ትኖር ነበርና፥ በሕዝብ ፊት ካልተመሰከረላት በቀር ወደ ማኅበር መመለስ አይሆንላትም ነበር። አንድም ኢያኢሮስ የሴቲቱን መዳን አይቶ፥ የልጁን ሞት በሰማ ጊዜ በእምነት እንዲጸና ነው። አንድም በመንገድ የሚያገኘን ሰው የመንገዱ መሰናክል ሳይሆን ከመንገዱ ሥራ አንዱ እንደ ሆነ ሊያስተምረን ነው። የዚህ ጽሕፈት ነገር በዚህ በሦስተኛው ትርጓሜ ላይ የቆመ ነው።

ዳግመኛም አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። ጌታችን የልጅቱን ሞት መልካም ነገር ነው አላለም፤ አባቲቱንም ይህ የሆነው ለጥቅምህ ነው ብሎ አላጽናናውም። አትፍራ፥ እመን ብቻ በሚል ምክር አበረታው እንጂ፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ሄደ። እንግዲህ እምነት ማለት ያልታሰበ ነገር ሁሉ ስለ ምን እንደ መጣ ማወቅ አይደለም፤ ነገሩ በመጣ ጊዜ ከጌታ ጋራ መንገዱን መቀጠል ነው እንጂ።

ይህንም ቃል ከሩቅ አገር ታሪክ ጋራ ሳይሆን፥ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በጕለሌ በኩል ባለው ተራራ ላይ ከቆመችው ከእንጦጦ ማርያም ታሪክ ጋራ እያገናዘብን እንመልከተው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ሰው ያሰበው ነገር ሳይፈጸም፥ ያላሰበው ደግሞ ሲፈጸም ብዙ ጊዜ ያየች ናትና። ዘመኑን የምንቈጥረው ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ዐፄ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን በእንጦጦ አደረጉ። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ ዙሪያውን ሁሉ ስለሚያሳይ ጠላት ሳይታይ ሊቀርብበት አይችልም። የቀደሙት ነገሥታት በዚያ ተቀምጠው ነበር የሚል ትውፊት ስለ ነበረም፥ ንጉሡ የአባቶቻቸውን ከተማ እንዳገኙ ቈጥረው ደስ አላቸው። በዚያም ቤተ መንግሥትና የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ይህም ሁሉ የተደረገው ከተማው በዚያ ጸንቶ እንዲኖር ታስቦ ነበር።

ነገር ግን ተራራው ለጦር ጊዜ የተመቸውን ያህል ለኑሮ አልተመቸም። ብርዱና ነፋሱ ጽኑ ነው፤ ዝናምና መብረቅ ይበዛበታል፤ ለብዙ ሠራዊት የሚበቃ እንጨትና ውሃም በቅርብ አይገኝም። ከተራራው በታች ያለው የፍል ውሃ ሜዳ ግን ሞቃት ነበርና መኳንንቱ ለመታጠብና ለመታከም ይወርዱበት ነበር። በ1879 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት ጊዜ እቴጌ ጣይቱ በዚያ ሜዳ ሰፍረው ቦታውን ወደዱት፤ ቤትም አሠሩበት፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ከዚያ ወዲያ መኳንንቱም ሠራዊቱም ጥቂት በጥቂት ወደ ታች ወረዱ። ለመታጠቢያና ለዕረፍት የታሰበው ሰፈር የመንግሥት ከተማ ሆነ፤ ለዘላለም የታሰበው የተራራ ከተማ ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ብቻ በተራራው ላይ ቀረች።

ይህን በመሰለ ነገር ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ ከ13ኛው ቍጥር ጀምሮ ነጋዴዎችን ይገሥጻል። ዛሬ ወይም ነገ ወደዚህች ከተማ ገብተን ዓመት ተቀምጠን እናተርፋለን የሚሉትን፥ የነገን ነገር እንደማያውቁ ያሳስባቸዋል፤ ጌታ ቢፈቅድ ማለትንም ያስተምራቸዋል። እኛም በአገራችን እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሳንል ስለ ነገ አንናገርም። ነገር ግን ይህ ቃል ከከንፈር ወደ ልብ መውረዱ የሚታወቀው፥ እኛ የፈቀድነውን እግዚአብሔር ሳይፈቅደው በቀረ ጊዜ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነገር ከከተማ መለወጥ የሚበልጥ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ለዐፄ ዮሐንስ ገብረው ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ግን በሁለቱ ነገሥታት መካከል ጥርጥር ገባ። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ወደ ጎጃም ተሻግረው አገሩን ከቀጡ በኋላ ወደ ሸዋም ይመጣሉ ተብሎ ይፈራ ነበር፤ ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋራ ሊዋጋ ሁለቱም ወገን ተዘጋጅቶ ነበር። ሆኖም በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠለው የድርቡሽ ጦር ገና በጠረፍ ነበረና፥ ንጉሠ ነገሥቱ ፊታቸውን ወደ መተማ መለሱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ ሲዋጉ ቈስለው በማግሥቱ ዐረፉ።

በእንጦጦና በዙሪያው ጦር ሲጠብቅ የነበረ ሕዝብ የሰማው ወሬ ይህ ነው። ሊሆን የነበረው የወንድማማቾች ጦርነት ቀረ፤ የቀረው ግን አንድ ንጉሥ ስለ አገርና ስለ ሃይማኖት ደሙን አፍስሶ ነው። እንግዲህ እግዚአብሔር ሸዋን ለማዳን ዐፄ ዮሐንስን ገደለ የሚል ሰው ቢኖር፥ ያልተሰጠውን የፍርድ ዙፋን ይዟል። በሰላም የኖረው ሰው፥ ሰላሙ በሌላ ሰው ሞት እንደ ተገኘ አውቆ ለሟቹ መጸለይና በተረፈው ዘመን መልካም መሥራት ነው የሚገባው።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተብለው ዘውድ ደፉ፤ እቴጌ ጣይቱም ከዚያ ቀጥለው ዘውድ ደፉ። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. የነገሡት እንደ ቀድሞው ሥርዓት በአክሱም ነበር፤ አሁን ግን የመንገሥ ክብር ከተማው ወደ ታች እየወረደ ለሄደው ተራራ ደረሰው። በንጉሡ ልብ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታሰበው ነገር ተፈጸመ።

የተፈጸመውም በክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋራ፥ ባላገር በተቃራኒ ስሙ ደስታ ብሎ የሚጠራው የከብት በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ከሰሜን ጀምሮ እስከ ደቡብ ድረስ ከብቱን ፈጀው። በሬ ባለቀ ጊዜ የሚያርስ ጠፋ፤ ዝናም ታጐለ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን በላ፤ ከራብም በኋላ በሽታ ተከተለ። ይህ መከራ እስከ 1885 ዓ.ም. ገደማ ቈየ፤ አባቶቻችንም ሌላ ስም ሳይፈልጉለት ክፉ ቀን አሉት። ዘሩን በጎተራ ይዞ የሚጠምደው በሬ አጥቶ በእርሻው ዳር የተቀመጠ ሰው ብዙ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ያሰቡት ሌላ ነበር። ዘውዱን ከደፉ በኋላ መንግሥቱን ማስፋት፥ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋራ መዋዋል፥ ከተማን መሥራት ነበር የሚጠብቃቸው። በመንገዳቸው መካከል ግን የተራበ ሕዝብ ቆመ። ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር በመኳንንት ዘንድ ያልተለመደ ነበር፤ ከጎተራቸው እህል አውጥተው ለራብተኛ ሰጡ፤ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መሬት ቈፈሩ። ይህንንም ያዩ መኳንንትና ወታደሮች እንደ ነውር ይቈጥሩት የነበረውን የእጅ ሥራ ጀመሩ። በሬ ከሌለ በእጅ ይቈፈራል ማለትን ሕዝቡ ከንጉሡ ተማረ።

ሐተታ። ዶማው ሕዝቡን ሁሉ አዳነ ወይ ቢሉ፥ አላዳነም፤ ከቍጥር የበዛ ሰው አለቀ። እንግዲያስ ምን ጠቀመ ቢሉ፥ በመጀመሪያ ለቈፈረው ሰው እህል ሆነለት። አንድም ክብር ከሥራ የሚሸሽ እንዳልሆነ ታየበት። አንድም ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ከራብተኛው ጋራ በአንድ አፈር ላይ ስለ ቆመ፥ ሕዝቡ ብቻውን አለመሆኑን አወቀበት። ነገር ግን ብዙ ሰው የሞተው ለንጉሥና ለመኳንንት ትምህርት እንዲሆን ነው ብለን አንናገር፤ የሞተው ሰው ሁሉ ለራሱ ነፍስና ለራሱ ቤት ሰው ነበርና። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሮ፥ የሰሚዎቹን ልብ ወደ ንስሓ መለሰ። ስለ ሞተው ሰው ምክንያት ከመፈለግ በሕይወት ያለው ሰው ሥራውን መመርመር ይቀድማልና።

ከተማው ወደ ሜዳው ከወረደ በኋላም ነገሩ እንደ ታሰበው አልሄደም። በጥቂት ዘመን ውስጥ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለቤትና ለማገዶ ተቈርጦ አለቀ። ስለዚህም ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ቦታ አዲስ ዓለም የሚባል ሌላ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። አዲስ አበባም እንደ እንጦጦ ልትተው ቀረበች። በዚያው ዘመን ግን ከውጭ አገር የመጣው፥ ስለዚህም ባሕር ዛፍ የተባለው ተክል በፍጥነት አድጎ ማገዶውንና ምሰሶውን ስለ ሰጠ ከተማው በቦታው ጸና። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሕንጻ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ ለምድራዊ ንጉሥ የታሰበው አዳራሽ የቅዳሴ ቤት ሆነ።

ባሕር ዛፍም ቢሆን ያለ ነቀፋ አልቀረም፤ ውሃን አብዝቶ ስለሚጠጣና ከበታቹ ሌላ ተክል በቀላሉ ስለማያበቅል ዛሬ ብዙዎች ያዝኑበታል። ይህንም ያነሣሁት አንድ ነገር በመጣ ጊዜ ወዲያው ይህ በረከት ነው፥ ያ መርገም ነው ብሎ መፍረድ እንዳይገባ ለማሳሰብ ነው። የነገሩ ፍጻሜ በእግዚአብሔር ዘንድ እንጂ በእኛ ዘንድ አይታወቅም።

አሁን በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ወደ ደፉት ወደ እቴጌ ጣይቱ ነገር እንመለስ። እኒህ ንግሥት በምክር ብርቱ፥ በአድዋ ዘመቻም በ1888 ዓ.ም. ከባላቸው ጋራ የዘመቱ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ በሽታ ከተያዙ በኋላ የመንግሥቱን ነገር በእጃቸው ይዘው ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ ተለይተው የታመመውን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጉ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለሕዝብ ሳይነገር ቈየ። እቴጌይቱም ከታችኛው ከተማ ተለይተው ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በዚያ ኖሩ፤ በዚያም ተቀበሩ። ከጊዜ በኋላ ዐፅማቸው ወደ በዓታ ለማርያም ወርዶ ከባላቸው አጠገብ ዐረፈ።

እንግዲህ የታሪኩን አካሄድ ተመልከቱ። ከዚያ ተራራ ወደ ታች ወርደው አዲስ ከተማ ያቀኑት እቴጌ፥ ያቀኑትን ከተማ ለሌላ ትተው ወደ ተራራው ተመለሱ፤ ዘውድ በደፉበት ደጅ በመበለትነት ተቀመጡ። በልባቸው የነበረውን ኀዘን፥ ምናልባትም ቍጣ፥ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እኛ በማናውቀው ነገር ልናመሰግናቸውም ልንነቅፋቸውም አይገባም። ነገር ግን ይህን እናውቃለን። ሠራዊቱና መኳንንቱ ሁሉ ከተራራው ከወረዱ በኋላ፥ ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚያ ቀርታ ማዕጠንቷን ባታቋርጥ ኖሮ፥ የተገፋችው ንግሥት የምትጠጋበት ደጅ ባልተገኘ ነበር። ከተማው ተለወጠ፥ ዘውዱም ከራስ ወደ ራስ ተላለፈ፤ የተከፈተው ደጅ ግን ሳይዘጋ ቈየ። በሉቃስ ወንጌል በ2ኛው ምዕራፍ የተጻፈችው ነቢይት ሐናም እስከ 84 ዓመቷ በመበለትነት ከቤተ መቅደስ ሳትለይ ኖራ፥ ባላሰበችው ቀን ሕፃኑን ጌታ አየች።

እናንተ ካህናት ሆይ፥ ይህ ነገር የሚነካን እኛን አስቀድሞ ነው። በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ወንበዴዎች የደበደቡትን ሰው አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ናቸው። ለክፉ ሥራ ይሄዱ እንደ ነበር ወንጌል አልተናገረም፤ መንገዳቸውን ግን አላቋረጡም። ሳምራዊውም የራሱ ጕዳይ ነበረው፤ ነገር ግን ከእንስሳው ወርዶ ቍስሉን አሰረ፥ በቤት አሳደረው፥ ገንዘቡንም ከፈለ፤ በማግሥቱም መንገዱን ቀጠለ። ለሰው መቆም የራስን ሥራ መጣል አይደለም፤ ሥራው ለጊዜው ዘግይቶ ይፈጸማል።

እናንተም መኳንንትና ሹማምንት ሆይ፥ ደጅ የሚጠና ድኻ በመንገዳችሁ ሲቆም የምትሉትን መርምሩ። ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር ያውቃል እንላለን፤ ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ብለን የምናልፍ እንደ ሆነ የእግዚአብሔርን ስም ለቸልታችን መሸፈኛ አደረግነው። በክፉ ቀን ንጉሡ እግዚአብሔር ያውቃል ብለው በአዳራሽ ተቀምጠው ቢቀሩ ማን በነቀፋቸው ነበር? ዶማውን ማንሣታቸው ግን እስከ ዛሬ ይነገራል።

ራሱ መንገዱ የተቋረጠበት ሰው ደግሞ ከኢያኢሮስ ይማር። ልጁ እየሞተች ሳለ ስለ ሴቲቱ አንድ ቃል ሲያጕረመርም አልተጻፈም። የዘገየበት ጌታ እርሱን እንዳልረሳው ያወቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ በቆመበት ሰዓት ግን ይህን አላወቀም፤ ያለው ጌታ ከአጠገቡ መሆኑ ብቻ ነበር። የታመመ፥ የተሻረ፥ ቤቱ የፈረሰበት፥ ልጁ የሞተበት ክርስቲያን ሁሉ በዚህ ሰዓት ውስጥ የቆመ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለመልካም ነው ብላችሁ አታቻኵሉት፤ ከእርሱ ጋራ ቁሙ እንጂ።

በመጨረሻም የወንጌሉ ነገር ይህ ነው። ኢያኢሮስ የመጣው ስለ ልጁ ሊለምን ነበር፤ ጌታችን ግን በመንገድ ያቆመችውን ሴት ልጄ ብሎ ጠራት። አንዲቱ ልጅ 12 ዓመት በሕይወት ኖረች፤ ሁለተኛዪቱም 12 ዓመት በደዌ ኖረች፤ አባት የሌላት ትመስል የነበረችውም በዚያ ቀን አባት እንዳላት ታወቀ። እንግዲህ በመንገዳችን የሚቆመው ሰው የሚያሰናክለን መስሎ ከታየን፥ እርሱም የአንድ አባት ልጅ እንደ ሆነ እናስብ፤ የእኛም ቤት ያልተረሳ እንደ ሆነ እንመን።

የታሰበውንም ያልታሰበውንም በጥበቡ የሚያቀና አምላክ፥ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ ቆመን የምንሰማበትን ትዕግሥት፥ ተነሥተንም የምንሠራበትን ኃይል ይስጠን። ለዓለመ ዓለም፤ አሜን።